«ካልሆነስ?» ትል የነበረችው በላይነሽ

በላይነሽ ቱፋ ተጂ ላይ ስትቀበር በመቃብሩ ራስጌ ባሏ አቶ ወርዶፋ ቆመው ነበር። በስተቀኛቸው ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው የወለዷቸው ጎልማሶች፣ በግርጌው ቄሶቹ ነበሩ። አባቷ ኦቦ ቱፋ እግራቸው መቆም ስላልቻለ ከቄሶቹ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቷን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋቸዋል። በወሊድ ነው የሞተችው፤ ሕፃኑም አልተረፈም። የመጀመሪያ ልጇን፣ ገና መራመድ የጀመረችውን፣ አንዲት ጎረቤት አዝላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እኔ መጨረሻ ላይ፣ አጥሩ ጥግ፣ ከማላውቃቸው የተጂ ሴቶች ጋር ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤታችን የመጣ ሰው አልነበረም። የሰማም አልነበረም። ለእኔም የደረሰኝ ኦቦ ቱፋ በአውቶቡስ ረዳት በኩል ሰበታ ወዳለው የአባቴ ሱቅ ስለላኩብኝ ነው።

ቄሱ ስለ ሟቿ ሲናገሩ እንግዳ ተቀባይ፣ ባሏን አክባሪ፣ ጾም የማትሽር ነበረች አሉ። ሁሉም እውነት ነው። አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ጠየቀችኝ።

«ዘመዷ ነሽ?»

«አይደለሁም። አብረን እንሠራ ነበር።»

«ትሠራ ነበር እንዴ? የት?»

«አዲስ አበባ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ያለበት መሥሪያ ቤት።»

«ምን የሚባል?»

«ማሽን ነው።»

«ልብስ መስፊያ?»

ሰዓቱ የማስረዳት ሰዓት አልነበረም። እንደዚያ ነገር ነው አልኳት።

ብዙ ዘመን አለፈ። በቅርቡ የእህቴ የልጅ ልጅ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆኖ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ላይ ከረመ። አንዱን ሲያልፍ ሌላው ይጠብቀዋል። ጥያቄ ይሰጡታል፣ ሲፈታ አጠገቡ ሆነው ያያሉ፣ እንደገና በሌላ ቀን ይጠሩታል። እቤት ውስጥ ሁሉም ይኼ ዛሬ የመጣ ነገር ይመስላቸዋል። በላይነሽ ያንን ሁሉ በንጉሡ ዘመን አልፋበታለች። ያኔ ሥራው ፕሮግራመር ነበር የሚባለው።

የተዋወቅነው በሰበታ አውቶቡስ ነው። እኔ ሰበታ እሳፈራለሁ፣ እሷ ዓለም ገና ላይ ትገባለች። ወላጆቿ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጭሰኞች ነበሩ፤ ጠዋት በእግሯ መጥታ መንገድ ላይ ጭቃዋን በሣር ትጠርጋለች፣ በእጇ የያዘችውን ጫማ አድርጋ ትሳፈራለች። ረጅም ነበረች፤ ሰው ስታናግር አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብላለች። እኔን ማናገር የጀመረችው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መሆናችንን ካወቀች በኋላ ነው። ሁለታችንም ካርድ በሺዎች ነበርን። ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር እያየን የማሽኑን ቁልፍ እንጫናለን፣ ማሽኑ ወፍራሙን ካርድ ይበሳል፣ ኮምፒዩተሩ ቀዳዳውን ያነባል። እኔ ቋሚ ነበርኩ። እሷ በጊዜያዊ ውል ነበረች።

የብዙዎቻችን ዓይን ከቁጥሩ አልፎ አያይም ነበር። እሷ ግን ካርዱ ከእጃችን ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለገች። ምሳ ሰዓት ላይ የማሽኑ ክፍል መስኮት ሥር ቆማ ታያለች። በኋላ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሰይፉ አይተዋት አስገቧት፤ መጽሐፍም አዋሷት። አቶ ሰይፉ ውጭ አገር ሄደው የሠለጠኑ፣ በዕድሜ የጠኑ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። በላይነሽ ስትቀጠር ደሞዝተኛ ዋስ አምጪ ተብላ ነበር። ከጭሰኛ ቤት ደሞዝተኛ ከየት ይመጣል? አቶ ሰይፉ ናቸው የፈረሙላት።

«ካልሆነስ?» የሚለው ጥያቄዋ መጽሐፉን ከማንበቧ በፊት የነበረ ነው። ሰው ምንም ነገር ቢላት ትጠይቃለች። የአውቶቡሱ ረዳት «ነገ በጊዜ ከመጣችሁ ወንበር ትይዛላችሁ» ካለ «ካልመጣንስ?» ትላለች።

«ካልመጣችሁማ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ።»

«መቆሚያም ከሌለስ?»

«እኔ ላይ ትቀመጪያለሽ! ኸረ እናንተ፣ ይቺን ልጅ ዝም አሰኙልኝ።»

አውቶቡሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም፤ መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነው። ፕሮግራም ምን እንደሆነ ያስረዳችኝም እዚያው ወንበር ላይ ነው። «ማሽኑን ውኃ ቅዳ ብለሽ ብትልኪው» አለችኝ፣ «እንስራው ሲሞላ አቁም ካላልሽው ሲቀዳ ይኖራል። ወንዙ ደርቆ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ ካልነገርሽው ባዶውን ይጨልፋል። ሰው ቢሆን ይመለሳል። እሱ አይመለስም። ሁሉን አስቀድመሽ ልታስቢለት ነው።»

«አያደክምም?»

«አያደክምም። ይሉኝታ የለው፣ አይቀየም። ተሳስተሽ ከሆነ ወዲያው ተሳስተሻል ይልሻል።»

ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም።

የፕሮግራመሮች ፈተና ማስታወቂያ በሩ ላይ የተለጠፈው የካርድ በሺዎቹ ጊዜያዊ ውል በበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንደማይታደስ በተነገረ ሰሞን ነው። በዚያው ሰሞን እነኦቦ ቱፋም ከመሬታቸው እንዲለቁ ተነገራቸው። ባለመሬቱ በትራክተር ሊያሳርሱ ፈልገው መኸሩ እንደገባ ጭሰኞቹን ሊያስወጡ ነበር። አቶ ወርዶፋ ደግሞ ሽማግሌ ልከዋል። ተጂ ላይ እህል የሚነግዱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከኦቦ ቱፋ በዕድሜ ብዙም የማያንሱ ሰው ናቸው። ልጅቷን ከሰጣችሁኝ የምታርሱት መሬት እሰጣችኋለሁ ብለዋል።

ኦቦ ቱፋ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቅዳሜ ሱቃችን በር ላይ ተቀምጠው ለአባቴ ሲነግሩ ሰምቻለሁ።

«ሽማግሌዎቹን ጠብቁኝ አልኳቸው። ልጄ ፈተና ላይ ናት። ካለፈች ሰበታ ቤት ትከራይልናለች፣ እኔም ዘበኛ ሆኜ እገባለሁ። ነገሩ በዚያው ያልቃል።»

«ባታልፍስ ኦቦ ቱፋ?» አላቸው አባቴ።

«እንደ እሷ ጠየቅከኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ መንገዱን አዩ። «ባታልፍ መሬት ያስፈልገኛል። ሌሎቹ ልጆች አሉ።»

እሷም ታውቀው ነበር። አልቅሳ አላየኋትም። መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍና አውቶቡስ ውስጥ ታነባለች፣ እኔ ጥያቄውን እይዝላታለሁ፣ እሷ በቃሏ ትመልሳለች።

የመጀመሪያው ፈተና የጽሑፍ ነበር። አዳራሹ በኮሌጅ ልጆች ተሞልቷል፤ ከረባት ያሰሩ አሉ። እኔ ወረፋው ላይ አብሬያት ቆሜ ነበር። ከፊታችን የነበረው ወጣት ዞር ብሎ አያት።

«እህቴ፣ የታይፒስቶች ፈተና በወዲያኛው በር ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ለምን ነው የነገርከኝ? ጠፍቶብህ ነው?»

ጓደኞቹ ሳቁበት። በኋላ ሲወጡ ያው ልጅ መጥቶ አንዱን ጥያቄ እንዴት እንደሠራችው ጠየቃት፤ አስረዳችው።

አለፈች። ሁለተኛው ዙር ፍሎቻርት መሣል ነበር፤ የሥራውን አካሄድ በሣጥንና በቀስት ወረቀት ላይ እያሳዩ ማውረድ። እሱንም አለፈች። ስሟ በተለጠፈ ቀን ካርድ በሺዎቹ ሁሉ ከበቧት፣ አንዷ እልል ልትል ስትል አፏን ያዘቻት። «ገና ነው» አለች። የቀረው በቃል የሚጠየቁበት ነበር። ጠያቂዎቹ አቶ ሰይፉ፣ ማሽኑን ለማስተማር የመጣው ፈረንጅና የሠራተኛ አስተዳደር ሹሙ ነበሩ።

ውጭ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ጠየቅኋት።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ስለ ሰዎቹ አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ሹሙ ‹ሥራው የሌሊት ተራ አለው፣ ባል ብታገቢስ?› አለኝ። ‹ባላገባስ?› አልኩት። አቶ ሰይፉ ለፈረንጁ ተረጎሙለት፤ እስኪያስለው ሳቀ።»

ከተሳፈርን በኋላ ከተማውን እስክንወጣ መቀመጫው ላይ ሆና ጣቷን ጉልበቷ ላይ ታዞራለች፤ ሣጥን የምትሥል ይመስላል።

«ንግሥት» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ሥዕሉ መውጫ የለውም።»

«የቱ ሥዕል?»

«የአቶ ሰይፉ። ‹ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እይውና የምትይው ካለ በይ› ብለው ፍሎቻርት ሰጡኝ። ካርዱን ያነባል፣ ይደምራል፣ ሌላ ካርድ ለማንበብ ይመለሳል። ካርዱ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ግን አልጻፉም። ሲመላለስ ሊኖር ነው።»

«ነገርሻቸው?»

«እንዴት ብዬ?» ወደ እኔ ዞረች። «ፈረንጁ ፊት? ሹሙ ፊት? ሰውዬው እኮ ለማያውቋት ልጅ ዋስ ሆነው የፈረሙ ናቸው። ‹ተሳስተዋል› ልበላቸው?»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«‹በጣም ጥሩ ነው ጌታዬ› አልኩ። ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ። ማንም ሳይሰማ ያስተካክሉታል።»

ደግ አደረግሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? አባቴም ቢሰማ ደግ አደረገች ይል ነበር። ዓለም ገና ስትወርድ ቀለል ብሏት ነበር የወረደችው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ አቶ ሰይፉን ብቻቸውን ማግኘት አልተቻለም። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ለመሄድ ተነጋገርን፤ ቤታቸው ቡራዩ ከገፈርሳ ወዲህ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው ቤት አትሄድምና አብሬያት ሄድኩ። እናቷ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ብለው እንቁላል በጭድ አድርገው በቅርጫት ሰጥተዋታል። ለዋስነቱ ምስጋና መሆኑ ነው። ከአውቶቡስ ወርደን በባሕር ዛፉ መሐል ስንሄድ ቅርጫቱን አላሲዝም አለችኝ።

አቶ ሰይፉ በጋቢ ሆነው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከወንበራቸው ተነሱልን። የወላጆቿን ደኅንነት፣ የእኔን አባት ሱቅ፣ ዝናቡን ጠየቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ ሻይ አመጡ። ቅርጫቱን ሲያዩ አቶ ሰይፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ ወይዘሮ ትርፌ ግን «ምነው ተቸገራችሁ» ብለው ተቀበሏት።

በላይነሽ ለመናገር ተነሥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ያ ሥዕል... ሲገለበጥ አንድ መስመር ሳይዘለል አልቀረም።»

አቶ ሰይፉ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የቱ ጋ?»

«ካርዱ ሲያልቅ የሚወጣበት ጋ።»

«እቤትሽ ገብተሽ ነው ያሰብሽው?»

«አይደለም። ፊቴ እንዳስቀመጡት ነው ያየሁት።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ሰው ነበረ ጌታዬ።»

አቶ ሰይፉ የተናገሩትን ቃል በቃል ባይሆንም እንደዚህ ነው የማስታውሰው።

«መስመሩን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፣ ልጄ። ለፈተናው ብዬ። ፈረንጁ ‹አለቃው ሲሳሳት ፊት ለፊት የማይናገር ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም› አለ። እኔም ተስማማሁ። ለምን እንደተስማማሁ ታውቂያለሽ? አንቺን አስቤ ነው። ይቺ ልጅ ‹ካልሆነስ› ሳትል የምታልፈው ነገር የለም ብዬ፣ ከሁሉም ቀድማ ታገኘዋለች ብዬ።»

«ሌሎቹ ተናገሩ?» አለች።

«ተናገሩ። እነሱ እኔን አያውቁኝም።»

ተቀመጠች። እሷ እንደማትናገር ስላወቅሁ እኔ ተናገርኩ፤ በሕይወቴ ትልቅ ሰው ፊት ሳልጠየቅ የተናገርኩባቸው ጊዜዎች ጥቂት ናቸው።

«ጋሼ፣ ማወቋ እኮ አሁን ታወቀ። አይነግሩላትም?»

«ውጤቱን ሦስታችንም ፈርመናል» አሉኝ። «ነገ ገብቼ ‹እሑድ ቤቴ መጥታ ነገረችኝ› ብል ምን እባላለሁ? ዋሷ ነኝ። ስጦታ ይዛ መጥታለች። ለእኔ ይቅር፣ እሷንስ ምን ይሏታል?»

ወይዘሮ ትርፌ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«እሷ አንተን ስታከብር፣ አንተ ሰዎቹን ስትፈራ» አሉ፣ «ይቺ ልጅ ተጂ ልትሄድልህ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ማን ነገረሽ?»

«አገር ያወራዋል።»

የአቶ ሰይፉ እጅ ጋቢያቸው ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። በላይነሽ ናት ያጽናናቻቸው። «ምንም አይደል ጌታዬ፣ እርስዎ አይጨነቁ። እስካሁን ያደረጉልኝም ብዙ ነው» አለች። ሻይዋን ሳታስተርፍ ጠጣች። መተው ነውር ስለሆነ ነው የጠጣችው። ወይዘሮ ትርፌ ቅርጫቱን ባዶ አንመልስም ብለው ድፎ ዳቦ አድርገውበት ሰጧት።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ በባሕር ዛፉ ሥር የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ቆመች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ጠበቅኋት። ቅርጫቱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ቀጠለች።

«አባቴ እንዳይሰሙ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ማወቄን። ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ሰው ፊት አፍሽን አትክፈቺ እያሉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አውቃ ዝም አለች ከሚባሉ፣ አቅቷት ነው ብለው ይመኑ። ይቀላቸዋል።»

«ሰምተው ሐሳባቸውን ቢለውጡስ?»

«መሬቱንስ?» አለች።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሄዳ አነበበችው። ምን እንደሚል ብታውቅም ሌሎቹ ጊዜያዊ ሠራተኞች ሲሄዱ አብራ ሄደች። ወረፋው ላይ የተላከፋት ልጅ ስም ከላይ ነበር። እንኳን ደስ አለህ አለችው። እሱ ግን ስሟን ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ፈለገ፣ አንድ ገጽ የቀረ መስሎት ወረቀቱን ገልጦ አየ። ውሏ እስኪያልቅ ድረስ ካርድ ስትበሳ ሰነበተች። ሥራዋ ላይ ስህተት አልተገኘም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን መስኮቱ ሥር መቆም ተወች። አቶ ሰይፉ በእኛ ክፍል በኩል ማለፍ ትተው በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። መጽሐፋቸውን በእኔ እጅ መለሰችላቸው። ሲቀበሉኝ «ደኅና ናት?» አሉ። ደኅና ናት አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ተጂ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፤ ወደ ጅማ መስመር ለለቅሶ ስሄድ ጎራ ብዬ። እህል መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጆንያ ታስቆጥር ነበር። ደስ ብሏት ተቀበለችኝ፣ አብልታ አጠጥታ ሸኘችኝ። ስለ ሥራ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። አቶ ወርዶፋ በደግነት ነበር የያዟት፤ ይህንንም መናገር ይገባል። እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ለሠራተኞቹ «ዝናቡ ካቆመ ጫኑ» አሏቸው። ቀና ብዬ አየኋት። ቡናውን ለመቅዳት ጎንበስ ብላ ነበር፤ ምንም አላለችም።

የሄደችበት ቀን ግን ከሁሉም ይበልጥ ይታየኛል። ሠርጉ በቤታቸው ተበልቶ ሙሽሮቹ የሚወጡት ከዓለም ገና መንገድ ላይ ነበር፤ መኪና ወደ ውስጥ አይገባም። የአቶ ወርዶፋ ላንድሮቨር መንገዱ ዳር ቆሟል። ሚዜዎቹ ሣጥኗን እየጫኑ ይንጫጫሉ፣ አንዱ «ቀስ በል፣ ሙሽራዋ ውስጡ ናት እንዴ?» ይላል። አቶ ወርዶፋ ከፊት ገብተው ተቀምጠዋል። እኔ ከሰበታ በአውቶቡስ መጥቼ ነበር። ኦቦ ቱፋ ሲያዩኝ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ኦቦ ቱፋ።»

ወደ ልጃቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ሲያስቡት የከረሙት ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«እንዲያው ያ ፈተና... አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ምን ነበር የጠየቋት?»

በላይነሽ ከጎኔ ነበረች። እኔ አፌን ሳልከፍት መለሰችላቸው።

«ከባድ ነበር፣ አባ። የማላውቀውን ነው የጠየቁኝ።»

«ካላስተማሩሽ ከየት ታውቂዋለሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ልጅ» አሉ። ፊታቸው ሲቀልላቸው አየሁ። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቋት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥላ እኔን ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ገባች፣ ሚዜው በሩን ዘጋባት፣ መኪናው ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ተጂ ሄደ።